የግራ ዓይን ለቅሶ

ዶሪን ካስል ከሞተች ብዙ ዘመን ካለፋት በኋላ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ እኛ ሰፈር ለቅሶ ደረሰች።

ድንኳኑ የተተከለው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አንድ ቅያስ ውስጥ ነበር። ተዋናይቱ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ አንገቷን ደፋ አድርጋ ገባችና በሴቶቹ በኩል አንድ አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ ቀለም አልነበራትም። ልብሷ ብቻ ቢሆን ሐዘን ነው ብለን እናልፈው ነበር፤ ነገር ግን ጉንጯም ግራጫ፣ ከንፈሯም ጥቁር፣ ጥፍሯም ግራጫ ነበር። በራሷ ላይ ሰፊ ባርኔጣ ደፍታለች።

ማንም ምንም አላላትም። እኛ ዘንድ ለቅሶ የደረሰ ሰው ከየት መጣህ፣ የሟች ምኑ ነህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ከሴቶቹ አንዷ ንፍሮ አቀረበችላት። ዶሪን ካስል ቆንጥራ ወሰደች። ሽምብራው መዳፏ ላይ ሲያርፍ ግራጫ ሆነ፣ እሷም በላችው።

እኔ በላቸው እባላለሁ። የእድራችን ንብረት በእጄ ነው፤ ድንኳኑም፣ ድስቶቹም፣ አግዳሚዎቹም። እሷ የተቀመጠችበት አግዳሚ አንድ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ ያሰርኩት ነበር። ስለዚያ ቀን የሚጠይቁኝ ሰዎች መጀመሪያ ምን ተሰማህ ይሉኛል። አግዳሚው እንዳይሰበር ፈራሁ እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ለቅሶው የእትዬ ሸዋረገድ ነበር። ታናሽ እህቷን ወርቅያንሱን ቀብረን ሠልስቷ ነው። እትዬ ሸዋረገድን የማያውቅ የከዚራ ሰው ካለ ገና ሰው ያልሞተበት ነው። ሙሾ አውራጅ ናት። የባቡር ሠራተኛ ሲሞት፣

ባቡር ሄዶ ይመጣል ሐዲዱን ተከትሎ፤
አንተን ማን ወሰደህ መመለሻ ከልክሎ?

ብላ ከጀመረች፣ ሟቹን ሲረግመው የኖረ ጎረቤት እንኳ ዓይኑን ይጠርጋል። ማልቀስ ያቃተው ልጅ፣ ማልቀስ ያልፈለገች ሚስት፣ ሁሉም በእሷ ለቅሶ ውስጥ ተሸፍኖ ያልፋል። የአባቴን ለቅሶ ያደመቀችልኝም እሷው ናት።

ታዲያ የባዳውን ሁሉ ሲያለቅስ የኖረ ዓይን፣ ለገዛ እህቷ አንድ ጠብታ አልወጣውም። በቀብሩ ዕለት አላለቀሰችም። በማግስቱም አላለቀሰችም። ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ እንደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ በደረቀ ፊት መሬት መሬቱን ታያለች። ለቀስተኛው ከበር ጀምሮ እሪ ብሎ ይገባና እሷን ሲያይ ድምፁን ይቀንሳል። እኛም አብረን አፈርን። ሰው ሲያፍር ወደ ንፍሮው ነው የሚያጎነብሰው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ያለቀው ንፍሮ ለሁለት ለቅሶ ይበቃ ነበር።

ወርቅያንሱ ባልም ልጅም አልነበራትም። ያላት ይቺው እህቷ ናት። በእድራችን ሕግ በሠልስት ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ድንኳን ከፈረሰ በኋላ የሚያለቅስ ሰው አዘነ አይባልም፣ ነካ አደረገው ነው የሚባለው። እትዬ ሸዋረገድ እስከ ማታ ካላለቀሰች፣ ወርቅያንሱ ያልተለቀሰላት ሆና መቅረቷ ነው። ይህንን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም አይናገረውም።

ዶሪን ካስል ማን እንደሆነች ለማያውቅ ልንገር። የሆሊውድ ተዋናይ ነበረች፤ ከሁሉም በላይ በማልቀስ የታወቀች። ሰፈራችን ውስጥ ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን የሆነው ግቢ ያኔ ጣሪያ የሌለው ሲኒማ ቤት ነበር። ፊልሙ ከጅቡቲ በባቡር ይመጣል። ከእሷ ፊልሞች አንደኛው፣ የጣቢያው፣ እዚህ ከመጣ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም። የባቡር ሠራተኞቹ ወደዱት፤ ለፍቅሩ ብለው ሳይሆን ባቡሩ በሰዓቱ ስለሚነሳ። መጨረሻ ላይ ወታደሩ ይሳፈራል። ነፋስ ይነፍሳል። ዶሪን ካስል ቀኝ እጇን አንስታ ባርኔጣዋን ትይዛለች፤ ከግራ ዓይኗ አንድ እንባ ይወርዳል። ቀኝ ዓይኗ ጭራሽ አያለቅስም።

እትዬ ሸዋረገድ ያኔ ልጃገረድ ነበረች። ያንን ለቅሶ እንዳለ ወሰደችው። ግራ ዓይኗ ይቀድማል፤ ቀኝ እጇ ይነሳና አናቷ ላይ ያርፋል። እሷን ያዩ ሴቶች እሷን ተከተሉ፤ ልጆቻቸው እነሱን። አሁን በእኛ እድር አስከሬን ሲያልፍ ሴቱ ሁሉ ቀኝ እጁን አንስቶ ራሱን ይይዛል። ሌላው ሰፈር የከዚራ ለቅሶ ይለዋል። የዛሬ ልጃገረዶች ከቅድመ አያቶቻችን የወረስነው ነው ብለው ያምናሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ተማሪም ጥንታዊ ሥርዓት ነው ብሎ ፎቶ አንስቶ ሄዷል።

ያን ቀን ከሰዓት ከታች ሰፈር የመጡ የእድራችን ሴቶች ተሰብስበው ገቡ። እንደ ደንቡ እጃቸውን አንስተው ራሳቸውን ያዙ። ዶሪን ካስል ትክ ብላ አየቻቸውና አፏን ከፈተች። የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ከደረቷ በታች ግን ነጫጭ የአማርኛ ፊደላት ወጡ፤ ሰው አንብቦ እስኪጨርስ ቆይተው ጠፉ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ነጠላ ላይ ስላረፉ ለማንበብ ያስቸግሩ ነበር። ወደ ድንኳኑ ጥቁር ሸራ ጠጋ በይ ብዬ በእጄ አሳየኋት፤ ጠጋ አለች።

"ምን አለች?" አለችኝ ዘነበች። ዘነበች የቅያሳችን ምላስ ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም።

"እጃቸውን ለምን ያነሳሉ ነው የምትለው" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ሥርዓታችን ነዋ! ንገራት እንጂ አቦ።"

"ሥርዓታችን ነው" አልኳት።

ዶሪን ካስል ባርኔጣዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ በጥቁሩ ሸራ ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ "ያን ቀን ከፊቴ ትልቅ ማራገቢያ አቁመው ነበር። ባርኔጣው የራሴ አልነበረም። እንዳይበርብኝ ነው የያዝኩት።"

ይኼኛውን ጮክ ብዬ አላነበብኩም። ፊደል የቆጠሩት ግን አነበቡት፤ አንድ በአንድ እጃቸውን አወረዱ። ያልቆጠሩት እንደያዙ ቀሩ። ድንኳኑ ውስጥ ግማሹ ሴት እጁን አውርዶ መሬት ያያል፣ ግማሹ ራሱን ይዞ ግራና ቀኝ ይገላመጣል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

እትዬ ሸዋረገድ ከፍራሿ ላይ ቀና አለች። በሦስት ቀን ውስጥ ቀና ስትል ያኔ መጀመሪያዋ ነው። ዶሪን ካስልን አየቻት፤ አወቀቻትም፤ አልደነገጠችም።

"በላቸው፣ ምን ተጽፏል?"

"ስለ ነፋስ ነው፣ እትዬ።"

"አንብበው።"

"ይቅር፣ እትዬ።"

"አንብበው አልኩህ እኮ!"

አነበብኩት። የቀሩትም እጆች ወረዱ። ዘነበች የራሷን እጅ የሌላ ሰው ዕቃ እንደያዘች ሁሉ ከነጠላዋ ሥር ከተተችው።

ዶሪን ካስል ቀጠለች፤ እኔም ከዚያ ወዲያ ምንም ሳልዘል ጮክ ብዬ አነበብኩ። የሥጋ ቆራጭ ልጅ ነበረች። ሆሊውድ ውስጥ ስሟንም ጥርሷንም ቀየሩላት። ለፍቅረኛ አለቀሰች፣ ለንጉሥ አለቀሰች፣ አንድ ጊዜ ለውሻ አለቀሰች። በግራ ዓይኗ ያለቀሰችው ካሜራው ሁልጊዜ በግራዋ ስለሚቆም ነው፤ በቀኝ በኩል የሚያያት አልነበረም። እንባው ደግሞ ግሊሰሪን ነው።

"ግሊሰሪን?" አለች ዘነበች። "ፊት የምንቀባው?"

"እሱኑ" አልኳት።

"እናቴ የሞተች ዕለት ሥራ ላይ ነበርኩ" ይላል ጽሑፉ። "እስክጨርስ ደብቀውኝ ቆዩ። ሲነግሩኝ ወደ መስተዋቱ ሄድኩ። ዓይኔ ደረቅ ነው። የምትቀባኝን ሴት ግሊሰሪኑን ስጪኝ አልኳት። ግሊሰሪን ጠብ አድርጌ እናቴን ቀበርኩ። በማግስቱ ጋዜጦቹ እንዴት ያማረ ሐዘን ነው ብለው ጻፉ። ቆርጬ አስቀመጥኩት።"

ወንዶቹ ካርታቸውን ደፍተው አስቀመጡ።

"የመጣሁት ስላስቸገረኝ ነው" አለች ዶሪን ካስል። "ከዚህ ሰፈር የሚሞት ሰው ሁሉ እኔ ቤት ይመጣል። በሬ ላይ ይሰለፋሉ። ስላለቀስሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ ይሉኛል። አንዳቸውንም አላውቅም። ጉልበቴን ሊስሙ ይጎነበሳሉ። አላለቀስኩላችሁም ብላቸው አይሰሙኝም፤ በገዛ ጆሯችን የሰማነውን ይላሉ። አፈርኩ። ከቤት መውጣት አቅቶኛል።"

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ንጋቱ ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ብዙነሽ የምትባል ሴት፣ ጠይም፣ መጥታ ይሆን?"

"ደጋግማ ትመጣለች።"

"እኔ ዘንድ በሕልም እንኳ መጥታ አታውቅም" አለ ጋሽ ንጋቱ።

እኔም ስለ አባቴ ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት። መልሱን የማውቀው መሰለኝ። የሰፈራችን ሙታን ለዘመናት በተውሶ እንባ ነው የተሸኙት፤ እነሱም እውነት መስሏቸው በሯ ላይ ተሰልፈው ቀርተዋል። እኛ ደግሞ ቤታችን ገብተን እጃችንን ታጥበን ራት በልተናል። እንዲህ ያለ እፍረት ደርሶብኝ አያውቅም።

"የሰው ወርቅ አያደምቅ" አለች ዘነበች ለራሷ። ለራሷ ነው ያለችው፤ ሁሉም ግን ሰማት።

እትዬ ሸዋረገድ ዘነበችን አላየቻትም። ዶሪን ካስልን ነው የምታየው።

"እህቴስ?" አለቻት። "ወርቅያንሱ? መጥታለች?"

ጽሑፉ ዘግየት ብሎ ወጣ። "መጥታለች። እሷ አላመሰገነችኝም። ፊቴን ትክ ብላ አየችና፣ ዶሪን ካስል አንቺ ነሽ? አለችኝ። ነኝ አልኳት። አይቼሽ አላውቅም አለችኝ። አሁንም በሬ ላይ ቆማለች።"

እትዬ ሸዋረገድ ይህን ከእኔ አፍ ስትሰማ ሁለት እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አስቀመጠች።

"እውነቷን ነው" አለች። "አላየችሽም።"

ከዚያ ነገረችን፤ ድምፁ የሙሾ ድምፅ አልነበረም፣ የገበያ ወሬ የሚወራበት ድምፅ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ሲኒማ ቤት የሚገቡበት አቅም አልነበራቸውም። በደቻቱ በኩል የግቢው አጥር ዝቅ ይል ነበር፤ ዝቅ ቢልም የአንድ ልጅ ቁመት አይደርስበትም። ወርቅያንሱ አጎንብሳ፣ እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ ደግፋ ጀርባዋን ትሰጣለች። ሸዋረገድ ጀርባዋ ላይ ትቆምና በአጥሩ ላይ አሻግራ ታያለች።

"ከታች ሆና ምን ሆነ፣ ምን ሆነ ትለኛለች። ቆይ እነግርሻለሁ እላታለሁ። ሲያልቅ አሸዋው ላይ አስቀምጫት እያለቀስኩ አሳያታለሁ። ያ ለቅሶ መጀመሪያ የተለቀሰው ለእሷ ነው፤ ለማንም ሟች አይደለም። ታጨበጭብ ነበር። ወገቧን እያሸች ታጨበጭብ ነበር።"

"አንቺስ?" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከዚያ በቀር ምንም አልተጻፈም።

"እኔማ..." አለች እትዬ ሸዋረገድ። "ፊልሙ ስንት ጊዜ ታየ። አንድ ቀን እንኳ፣ ነይ አንቺ ደግሞ ውጪ አላልኳትም። አንድ ቀን እንኳ።"

ተነሳች። የምትወጣ መስሎን መንገድ ለቀቅንላት። አልወጣችም። ድንኳኑ መሀል ቆማ ወገቧን ሰበረች፤ አጎነበሰች፤ እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አድርጋ ጀርባዋን ሰጠች። አንድ ሰው እንዲወጣበት እንደሚጠብቅ ሰው እንደዚያው ቆየች። ከዚያ ድምፁ መጣ።

የሚያምር ድምፅ አልነበረም። ዘይት ያላየ የብረት በር ሲከፈት የሚወጣውን ይመስላል፤ ይያያዝና ይቆማል፤ እንደገና ይጀምራል። ቃል የለውም፣ ግጥም የለውም። ንፍጧ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ከሁለቱም ዓይኖቿ ነው ያለቀሰችው። ያንን ያህል ዘመን ሙሾ ስታወርድ ሰምተናታል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳናያት ዓይናችንን ዞር አደረግን። ማንም እጁን ወደ ራሱ አላነሳም። ዘነበች ተነስታ አጠገቧ ሄደች፤ ምን እንደምታደርግ ግን አላወቀችም፤ እጆቿን አንጠልጥላ ቆመች።

አንዴ ወደ ዶሪን ካስል አየሁ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ከንፈሯ የእትዬ ሸዋረገድን አፍ እየተከተለ ይንቀሳቀስ ነበር። ከደረቷ በታች ምንም ጽሑፍ አልወጣም።

ጋሽ ንጋቱ ድንኳኑ ይቆይ አለ። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፤ በዚያ ቀን ሻረው። ሸራውን ማጠፍ የጀመርኩት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ዶሪን ካስል የሄደችበትን ሰዓት ያየ ሰው የለም። አንድ የባቡር ጣቢያ ዘበኛ ግን ግራጫ ሴት አግዳሚ ተሸክማ ወደ ሲሚንቶ መጋዘኑ ስትሄድ አይቻለሁ፣ አጥሩ ጋ ስትደርስ አግዳሚውን አላቆመችውም፣ አልወጣችበትምም፣ አጥሩን እንዲሁ አልፋው ገባች አለኝ። አግዳሚዎቹን ስሰበስብ በሽቦ ያሰርኩት የለም። በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሽ ንጋቱ የት ሄደ ብሎ ጠየቀኝ።

"ለቅሶ ላይ ነው" አልኩት።

አልመረመረኝም። የእድር ዕቃ ለዚሁ ነው የተገዛው።

ከዚያ በኋላ በሰፈራችን ለቅሶ ቀዝቅዟል። ሰው ሲሞት እጁን የሚያነሳ የለም፤ የሚያጎነብስም የለም። እንዴት እንደሚያደርግ የሚያውቅ ጠፍቶ ሁሉም የየራሱን ይሞክራል፤ አንዳንዱ ሳል ይመስላል። እትዬ ሸዋረገድ ሙሾ ትታለች። ስትጠራ ትመጣለች፣ ኋላ ትቀመጣለች፣ ንፍሮ ትበላለች።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት እኔ ቤት ነበረች። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ ቻናል ስቀይር የጣቢያውን ፊልም አገኘሁት። ልዘጋው ስል ተወው አለችኝ።

ወታደሩ ተሳፈረ። ነፋሱ መጣ። ዶሪን ካስል እጇን አላነሳችም፤ ባርኔጣው በረረና ከሐዲዱ ማዶ ወደቀ። ወገቧን ሰበረች፣ አጎነበሰች፣ እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አደረገች። ድምፁን ያወቅነው ከመጀመሪያው ትንፋሽ ነው። ይያያዛል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ግሊሰሪን እንዲህ አይወርድም። ከሁለቱም ዓይኖቿ ነው። ባቡሩ በሰዓቱ ተነሳ።

እንፋሎቱ ሲገለጥ ከኋላዋ፣ ድሮ ባዶ በነበረው መጠበቂያ ላይ፣ አግዳሚያችን ነበር። የእድሩ ስም ተጽፎበታል። እግሩ በእኔ ሽቦ ታስሯል። በዙሪያው የሰፈራችን ሙታን ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል፤ አባቴም አለበት፤ ብዙነሽም አለችበት። አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ወርቅያንሱ ብቻ ናት። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ዶሪን ካስልን ታያለች፤ ከፊቷ የሚከልላት ማንም የለም።

"እያየች ነው" አለች እትዬ ሸዋረገድ።

"እያየች ነው፣ እትዬ።"

ወርቅያንሱ ዞር ብላ ወደ እኛ ተመለከተች። ከዚያ ወደ አግዳሚው ጫፍ ጠጋ አለችና በነጠላዋ ጫፍ ከጎኗ የተለቀቀውን ቦታ አቧራ ጠረገች።